ቤት አልመታ ላለ የእንግሊዝኛ ቃል የትኛው መንገድ፣ የትኛው መሣሪያ ይሻላል?

በእንግሊዝኛ ግጥም ወይም ራፕ የምትጽፉ ሰዎች መቼም አንድ ቀን ኦሬንጅ ላይ ቆማችኋል። እሱ ካልሆነም ፐርፕል ላይ። ወይ ሲልቨር፣ ወይ መንዝ (ወር ማለት ነው)። ስንኙ አምሮ ይመጣና መጨረሻው ላይ ከነዚህ አንዱ ቁጭ ይላል፤ ቀጣዩ ስንኝ እምቢ ይላል። ከዚያ ፍለጋ ይጀመራል። ስልኩ ላይ ገጽ በገጽ ይከፈታል፣ ከዚያ ሁሉ መሃል ማንም ሰምቶት የማያውቅ ቃል ይገኛል፣ ትርጉሙ በቅጡ ሳይታይ ስንኙ ውስጥ ይዶላል። ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ቤት የሚመታ ቃል ማግኘት በዚህ ዘመን ቀላል ነው። ከባዱ ሰሚው የሚያውቀው፣ በእናንተ አነጋገር እውነትም የሚገጥም፣ ትርጉሙም ስንኙን የማያፈርስ ቃል ማግኘት ነው። መንገዶቹንም መሣሪያዎቹንም የምመዝነው በነዚህ ሦስቱ ነው።

መጀመሪያ ጆሯችንን እናስተካክል። በአማርኛ ግጥም የመጨረሻው ፊደል ከገጠመ ይበቃል። «ገባ» ካላችሁ «አበባ» ቤቱን ይመታል፤ ማንም አይከራከራችሁም። የእንግሊዝኛው ሕግ ጠበቅ ይላል። ጫን ተብሎ ከሚነገረው የመጨረሻ አናባቢ ጀምሮ እስከ ቃሉ ጫፍ ያለው ድምፅ በሙሉ መግጠም አለበት። ኔሽን እና ፋሽንን ውሰዱ። ለኛ ሁለቱም በ«ሽን» ስለሚያልቁ ያለቀላቸው ይመስላሉ። ለእንግሊዝኛ ሰሚ ግን አይገጥሙም፤ ጭነቱ ያለው «ኔይ» እና «ፋ» ላይ ስለሆነ። ኔሽን ከስቴሽን፣ ፋሽን ከፓሽን ጋር ነው የሚሄደው። አማርኛ አፉን የፈታ ሰው በእንግሊዝኛ ሲጽፍ ብዙ ጊዜ የሚስተው ይኼን ነው። በቃላት እጥረት አይደለም፤ ጆሮው በሌላ ሕግ ስለተገራ ነው።

አሁን ኦሬንጅን ቀረብ ብለን እንየው፣ ምክንያቱም ሁሉም መንገድ እሱ ላይ ይታያል።

ቃሉ ጫን የሚለው መጀመሪያው ላይ ነው። ስለዚህ «ሬንጅ»ን ብቻ መግጠም አይበቃም፣ ከ«ኦ» ጀምሮ መሄድ አለበት። ለዚህ ነው ያ ሁሉ ቃል የሚወድቀው። ታዲያ «ለኦሬንጅ ቤት የሚመታ ቃል የለም» የሚባለው ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም። አለ። አንደኛው ብሎሬንጅ ነው፣ ዌልስ ውስጥ አበርጋቬኒ ከተማ አጠገብ ያለ፣ ከባሕር ወለል 561 ሜትር ከፍ የሚል ተራራ። ሁለተኛው ስፖሬንጅ፣ ፈርንና ሌሎች አበባ የማያወጡ ዕፅዋት ለመራባት የሚበትኑት ብናኝ የሚቋጠርበት ከረጢት፤ የዕፅዋት ሳይንስ ቃል ነው። ሦስተኛው ጎሪንጅ የሚባል የቤተሰብ ስም ነው። ሄንሪ ጎሪንጅ የሚባል የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን ነበር፣ ከግብጽ እስክንድርያ አንዱን ጥንታዊ ሐውልት በመርከብ ጭኖ ኒውዮርክ ያደረሰ። ሐውልቱ በ1881 በፈረንጆች አቆጣጠር ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ቆመ፤ ዛሬም እዚያው ነው።

ሦስቱም በድምፅ ንጹህ ናቸው። ግን አስቡት። ስለ ብርቱካን፣ ስለ ጀንበር መጥለቅ፣ ስለ ልጅነት የምትጽፉት ግጥም ውስጥ የዌልስ ተራራ ምን ያደርጋል? ሰሚው ቃሉን ካላወቀው «ቤቱን ለመምታት ሲል ነው ያመጣው» ይልና ከግጥሙ ይወጣል። ጎሪንጅ የሚሠራው ስለዚያ ሐውልት ጉዞ ከጻፋችሁ ነው። ያኔ ደግሞ በጣም ጥሩ ይሠራል፤ ስሙ ለታሪኩ ሲባል ስለገባ ማንም አይጠረጥረውም።

ሌላም ነገር አለ፣ አነጋገር። በእንግሊዞቹ አጠራር የኦሬንጅ «ኦ» አጭር ነች፣ ብሎሬንጅና ጎሪንጅም የሚገጥሙት ለዚህ ነው። አብዛኛው አሜሪካዊ ግን ረዘም አድርጎ ወደ «ኦር» ያስጠጋታል፤ አንዳንዱ ቃሉን በአንድ ትንፋሽ «ኦርንጅ» ብሎ ይጨርሰዋል፤ ኒውዮርክ አካባቢ ደግሞ «አሪንጅ» የሚሉ አሉ። እንግዲህ የበር ማጠፊያ ማለት የሆነው ዶር ሂንጅ ለአሜሪካዊ ጆሮ ጥሩ አድርጎ ሲመታ ለለንደን ሰው ሸርተት ይላል። አሜሪካዊው ራፐር ኤሚኔም በ2010 በሲቢኤስ ቴሌቪዥን ቃለ መጠይቅ ላይ ለኦሬንጅ ዶር ሂንጅን፣ ፎር ኢንችን፣ ስቶሬጅን፣ ፖሪጅንና ጆርጅን ደርድሮ አሳይቷል። ከነዚህ በመዝገበ ቃላት ሕግ ሙሉ በሙሉ የሚገጥም አንድም የለም። በእሱ አፍ ግን ሁሉም ይመታሉ፤ አናባቢዎቹን ወደ ፈለገው ጎተት ያደርጋቸዋል፣ ጭነቱንም ምቱ ላይ ያሳርፈዋል። የሚያገጣጥማቸው አናባቢውና ምቱ ነው፣ የተናባቢው ልዩነት ይዋጣል።

እንግዲህ ያሉን መንገዶች አራት ናቸው። ብርቅ ቃል ፈልጎ ሙሉ በሙሉ መግጠም፣ ቀረብ ባለ ድምፅ መግጠም፣ ሁለት ቃል አጣምሮ አንድ ቃል ላይ መግጠም (ዶር ሂንጅ እንዲህ ነው)፣ እና አስቸጋሪውን ቃል ከስንኙ ጫፍ ማንሳት።

ብርቅ ቃል የሚመረጠው መቼ ነው? ለልጆች በሚጻፍ ግጥም፣ በአጫጭር የቀልድ ግጥም፣ በቃላት ጨዋታ። እዚያ ሰሚው የሚጠብቀውም የሚደሰተውም በንጹህ ግጥሚያ ስለሆነ ያልታወቀ ቃል መምጣቱ ራሱ ጨዋታ ይሆናል። ለሲልቨር ቺልቨር አለ፣ ሴት የበግ ግልገል ማለት ነው፣ የእንግሊዝ ገጠር ቃል። ለፐርፕል ሁለት አሉት፣ ሁለቱም ከስኮትላንድ ናቸው። ኸርፕል እያነከሱ መሄድ ነው። ከርፕል ደግሞ የፈረስ ቂጥ፤ የሰውንም ለማለት ይውላል፣ ስኮትላንዳዊው ገጣሚ ሮበርት በርንስ በ18ኛው መቶ ዘመን ከፐርፕል ጋር ገጥሞበታል። አሁን በሐምራዊ ቀሚስ ስላጌጠች ሙሽራ በምትጽፉት ግጥም ውስጥ ከርፕል ሲገባ ይታያችሁ። ድምፁ ልክ ነው፣ ትርጉሙ ግን ግብዣውን ያበላሻል። ትርጉምን በመጨረሻ የሚያይ ሰው እንዲህ ዓይነት ነገር ይዞ መድረክ ይወጣል።

ለዘፈንና ለራፕ ያለ ምንም ማመንታት የምመርጠው ቀረብ ያለውን ድምፅ ነው። ፐርፕል ከሰርክል፣ ፐርፕል ከተርትል፤ ዋናው አናባቢና የመጨረሻዋ «ል» ይገጥማሉ፣ መሃሏ ብቻ ትለያለች፤ በዜማ ሲጎተት ልዩነቱን ማንም አያስተውለውም። ሲልቨር ከሪቨር፣ ከሺቨር፣ ከዴሊቨር። እነዚህ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው ቃላት ናቸው፣ ስሜትም ይሸከማሉ። በወረቀት ለሚነበብ ግጥምም ነውር የለውም፣ አሜሪካዊቷ ገጣሚ ኤሚሊ ዲኪንሰን የታወቀችው በዚህ ዓይነት ግጥሚያ ነው። አንድ ነገር ብቻ ጠብቁ፤ አንዱን ስንኝ በንጹህ፣ ሌላውን በቅርብ ድምፅ እየቀላቀላችሁ ከሄዳችሁ ቅርቡ ስህተት ይመስላል። ከመጀመሪያው ጀምራችሁ ጆሮውን አስለምዱት።

መንዝ ትንሽ የተለየ ነው። በነጠላው ቤት የሚመታለት የታወቀ ቃል የለም ማለት ይቻላል። ብዙ ቁጥሩ ግን በር ይከፍታል። ሰው በፍጥነት ሲናገር የመጨረሻው ድምፅ ተጨፍልቆ ወደ «መንትስ» ስለሚቀርብ ከዋንስ እና ከፍረንትስ ጋር ጥሩ ይሄዳል። ስለ አንድ ወር የሚያወራውን ስንኝ ስለ ወራት እንዲያወራ ማድረግ ብዙ ጊዜ አይከብድም። ቃል ከመፈለግ በፊት ብዙ ቁጥሩን፣ ያለፈውን ጊዜ፣ ዘርፉን ሞክሩ፤ ቅርጹ ሲቀየር ግጥሚያውም ይቀየራል።

ቃሉን ከጫፍ ማንሳት ደግሞ ሰው የሚንቀው ግን ብዙ ጊዜ የሚያዋጣው መንገድ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ያለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት። ብዙ ሐበሻ የሚኖርባት ከተማ ናት፣ እዚያ ያደገ ወጣት ራፐር ሰፈሩን መጥራት መፈለጉ አይቀርም። ሰፈሩን «ሲልቨር» ብሎ ቢያቆራርጠው ተቸገረ። ሙሉ ስሙን ቢጠራ ግን ስንኙ የሚያልቀው በስፕሪንግ ነው። ለስፕሪንግ ደግሞ ኪንግ አለ፣ ሲንግ አለ፣ ሪንግ፣ ብሪንግ፣ ስዊንግ፣ የፈለገውን። አስቸጋሪው ቃል ስንኙ ውስጥ አለ፣ ሥራውን ይሠራል፣ ግን ጫፉ ላይ አልቆመም። ኦሬንጅንም እንዲሁ አድርጉት። ከፊቱ ያለውን ቃል ወደ ኋላ ላኩት፣ ወይም ከኋላው ስም ጨምሩለት፤ ኦሬንጅ ስካይ ካላችሁ ሀይ እና ፍላይ ይጠብቋችኋል።

ወደ መሣሪያዎቹ ስንመጣ

ብዙ ሰው የሚያውቀው ራይምዞንን ነው፣ እኔም ለመጀመር የምከፍተው እሱን ነው። ከ1996 ጀምሮ ያለ ነፃ ድረ ገጽ ነው። ቃሉን ስትሰጡት ቤት የሚመቱትን በቀለም (ቃሉ ሲነገር በሚከፈልባቸው ድምፆች) ብዛት ከፋፍሎ ያመጣል፣ ባለ አንድ፣ ባለ ሁለት፣ ባለ ሦስት እያለ፤ ይኼ ምትን ለሚቆጥር ሰው ትልቅ እርዳታ ነው። ቅርብ ድምፆችንም ለብቻቸው ያሳያል። ድካሙ ሁለት ነው። አንደኛ ጆሮው አሜሪካዊ ነው፣ ለለንደን አነጋገር ስትጽፉ አንዳንዴ ይሸውዳችኋል። ሁለተኛ ዝርዝሩ ውስጥ የሰው የቤተሰብ ስምና አንድ ሰው በአንድ ዘመን የተጠቀመበት ቃል ከተለመዱት ጋር አብረው ይመጣሉ፤ አዲስ ሰው የቱ ሕያው፣ የቱ የሞተ እንደሆነ አይለይም።

ከራይምዞን ጀርባ ያለው ዴታሚዩዝ የሚባለው አገልግሎት ደግሞ ትንሽ ኮድ ለሚነካካ ሰው ወርቅ ነው። ድምፅንና ትርጉምን አንድ ላይ መጠየቅ ይቻላል። ከግሬፕ ጋር ቤት የሚመታ፣ ከቁርስ ጋር የሚዛመድ ቃል ስጠኝ ካላችሁት ክሬፕ ይላችኋል። ያለ ምዝገባ በቀን እስከ 100,000 ጥያቄ በነፃ ያስተናግዳል። ትርጉምን ከፍለጋው መጀመሪያ ላይ የሚያስገባ መሣሪያ ከዚህ ሌላ ብዙ አላየሁም፣ ለኔ ትልቁ ብልጫው እሱ ነው።

ዊክሽነሪ የኢንተርኔት መዝገበ ቃላት ነው፤ ትንሽ ያስቸግራል፣ ግን ለብርቅ ቃል ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። ቤት የሚመቱ ቃላትን በድምፃቸው አቧድኖ የያዘ የራሱ ክፍል አለው፤ የእንግሊዙንና የአሜሪካውን አጠራር ይለያል። ዋናው ጥቅሙ ግን ከትርጉሙ ፊት የሚለጥፋት ምልክት ናት። ይኼ ቃል የስኮትላንድ ነው፣ ይኼ ከአገልግሎት ወጥቷል፣ ይኼ ብርቅ ነው፣ ይኼ የሳይንስ ነው ይላል። ከርፕልን እዚያ ያየ ሰው ቀሚስ ላይ አያኖረውም። ማንም ሊያርመው የሚችል ስለሆነ ለብቻው አትመኑት፣ በሌላ መዝገበ ቃላት አረጋግጡ።

ለማረጋገጫ ሁለት ምርጫ አለ፣ ለየቅል ናቸው። የካምብሪጅ መዝገበ ቃላት ነፃ ነው፣ ትርጉሙን ለቋንቋው ተማሪ በሚገባ ቀላል እንግሊዝኛ ያስቀምጣል፣ የእንግሊዝንና የአሜሪካን ድምፅ ለየብቻ ያሰማል። ኔሽንና ፋሽንን አከታትላችሁ ስሙበት፣ ከላይ ያልኩት ጭነት ወዲያው ይገባችኋል። ቺልቨርን የመሰለ ቃል ግን እዚያ አትጠብቁ። ለዚያ የኦክስፎርዱ ትልቁ መዝገበ ቃላት አለ፣ በ1989 በወጣው ሁለተኛ እትሙ 20 ጥራዝ የነበረው። ቃሉ መቼ እንደተጻፈ፣ ማን እንዴት እንደተጠቀመበት ከነምሳሌው ይሰጣል። ክፍያ አለው። እንግሊዝ የምትኖሩ ግን ከመክፈላችሁ በፊት የሰፈራችሁን ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ፣ ብዙዎቹ በአባልነት ካርድ ብቻ ከቤት ያስገባሉ።

የታተሙ የግጥሚያ መዝገበ ቃላት? ታሪካቸው ረጅም ነው፣ ፒተር ሌቪንስ የሚባል እንግሊዛዊ በ1570 አንድ አሳትሟል። ግን ስትገዙ አንድ ነገር እዩ፣ የተደረደረው በድምፅ ነው ወይስ በፊደል? በ1775 የወጣው የጆን ዎከር ሥራ ቃላቱን በመጨረሻ ፊደሎቻቸው ነው የደረደረው፣ ያንን ፈለግ የተከተሉም አሉ። እንግሊዝኛ ደግሞ አጻጻፉና አነባበቡ አይተዋወቁም። ኮፍ፣ ዞው፣ ስሩ፣ ባው፣ ተፍ፤ አምስቱም በጽሑፍ የሚያልቁት በተመሳሳይ አራት ፊደላት (ough) ነው፣ ሲነገሩ ግን አንዱም ከሌላው አይገጥምም። በድምፅ የተደረደረ መጽሐፍ ካገኛችሁ ጥሩ ነው፤ ስታገላብጡ ያላሰባችሁት ቃል ዓይናችሁ ይገባል።

አሁን ብዙ ሰው የሚሄደው ወደ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ቻትቦቶች ነው። ሁለት ሦስት ቃል አጣምሮ ለመግጠም ሐሳብ በማፍለቅ ጎበዞች ናቸው፣ ስንኝ ገልብጠው ቃሉን ከጫፍ ለማንሳትም ይረዳሉ። ነገር ግን የተማሩት በዋናነት ከተጻፈ ቃል ስለሆነ በአጻጻፍ የሚመሳሰለውን «ይመታል» ብለው ያቀርባሉ። ብርቅ ቃል ሲሆን ደግሞ ትርጉሙን በልበ ሙሉነት ፈጥረው ሊነግሯችሁ ይችላሉ። ሐሳብ ተቀበሏቸው፣ ትርጉምን ግን ከመዝገበ ቃላት ብቻ።

ለማን የቱ?

ዋሽንግተን ወይም ዳላስ ሆናችሁ ራፕ የምትሠሩ ከሆነ ራይምዞን ላይ ቅርብ ድምፁን ክፈቱ፣ ይበቃችኋል። ለንደን ከሆናችሁ ተጠንቀቁ። እዚያ ሶስ እና ሆርስ ይገጥማሉ፣ ምክንያቱም የሆርስን «ር» አይጠሯትም፤ የአሜሪካው መሣሪያ ግን ይኼን አያሳያችሁም። በተቃራኒው ዳንስ እና ሮማንስ አሜሪካ ውስጥ ጥርት አድርገው ይመታሉ፣ ደቡብ እንግሊዝ ግን ዳንስን «ዳ» ብለው ስለሚያስረዝሙት ይለያያሉ። ለናንተ ዊክሽነሪና ካምብሪጅ አብረው ይሻላሉ። አዲስ አበባ ሆናችሁ በእንግሊዝኛ የምትጽፉ ደግሞ መጀመሪያ አንዱን አነጋገር ምረጡና እስከ መጨረሻው በሱ ሂዱ። ግማሹን ከአሜሪካ ፊልም፣ ግማሹን ከእንግሊዝ ሬዲዮ የተለቀመ አነጋገር ተናጋሪው አፍ ላይ አያስቸግርም፣ ግጥም ላይ ግን ቤት ያፈርሳል።

ልጆቹን በግጥም እንግሊዝኛ የሚያለማምድ አስተማሪ ወይም ወላጅ ብርቅ ቃል አይፈልግም። በካምብሪጅ ድምፁን ማሰማት፣ ከራይምዞን ባለ አንድ ቀለሞቹን መልቀም። በቃ።

ኢንተርኔቱ ለሚቆራረጥበት ሰው አንድ የሚገርም ነገር አለ። ፒትስበርግ ያለው የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የአጠራር መዝገበ ቃላት በነፃ የሚወርድ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። ከ134,000 በላይ ቃላት አሉት። ትርጉም የለውም፣ መልክም የለውም፣ ጆሮውም አሜሪካዊ ነው። ግን እያንዳንዱ ቃል ከነድምፁ ተቀምጧል፣ አናባቢው ጫን የሚል ከሆነ 1፣ ላላ ያለ ጭነት ካለው 2፣ ጭነት ከሌለው 0 ተጽፎበታል። የምትፈልጉትን ቃል ድምፅ 1 ካለበት አናባቢ ጀምራችሁ እስከ መጨረሻው ቅዱትና ፋይሉ ውስጥ ፈልጉት፤ ከሚመጡት መሃል በዚያው ድምፅ የሚያልቁት ንጹህ ግጥሚያ ናቸው። አንዴ ከወረደ በኋላ ኔትወርክ አይፈልግም፣ ተራ ስልክ ላይም ይከፈታል።